«ስትወጣስ ስበቱ የት ነበር?»፦ ከኦ ክፍል ልጆች ጋር ስለ መውደቅና ስለ መንከባለል ያገኘሁት ተሞክሮ

ጥያቄውን ያነሣው ከኋላ መደዳ የሚቀመጥና ብዙም የማይናገር የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። በዚያን ቀን ጠዋት «ዕቃ ሁሉ ለምን ወደ ታች ይወድቃል?» ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «መሬት ስለሚስበው!» ብሎ እስኪመልስ ድረስ ደጋግሜ አስጠንቼ፣ ትምህርቱ ሠመረልኝ ብዬ ተደስቼ ነበር። በዕረፍት ሰዓት ይህ ልጅ ወደ እኔ መጣና አንዲት ጠጠር ወደ ሰማይ ወረወረ፤ ተመልሳ መሬት እስክትነካ ከጠበቀ በኋላም «ቲቸር፣ አሁን መሬት ሳባት፤ ስትወጣስ ስበቱ የት ነበር?» አለኝ። ለእርሱ በሚገባው መንገድ የምነግረው አንድም ነገር ስላልነበረኝ «ነገ እንነጋገራለን» ብዬ ወደ ክፍል አስገባሁት። ያ «ነገ» እስኪመጣ ሦስት ወር ያህል ወስዶብኛል።

ይህ ከሆነ ስድስት ዓመት ገደማ ሆኖታል። የማስተምረው በደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከአንደኛ ክፍል በፊት ባለው ኦ ክፍል ሲሆን፣ ልጆቼ አምስትና ስድስት ዓመት የሞላቸው ናቸው፤ በአንድ ክፍል ውስጥም አብዛኛውን ጊዜ ከአርባ በላይ ይሆናሉ። የፊዚክስ ባለሙያ አይደለሁም። ነገር ግን ከዚያን ጊዜ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለሃያ ወይም ለሃያ አምስት ደቂቃ ያህል፣ ልጆቹ ዕቃ እየጣሉ፣ እያንከባለሉና እያወዛወዙ ስለ ስበትና ስለ እንቅስቃሴ እንዲማሩ ሳደርግ ቆይቻለሁ፤ የሠመረልኝንም ያልሠመረልኝንም እዚህ የማሰፍረው ትንንሽ ልጆችን ለሚያስተምሩ ባልደረቦቼና ቤት ውስጥ ልጅ ለሚያሳድጉ ወላጆች ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ነው።

ትልቁ ስሕተቴ «ስበት» የሚለውን ቃል ማስቀደሜ ነበር። ቃሉን የያዘ ልጅ ነገሩንም የያዘ ይመስላል። ዳሩ ግን «መሬት ስለሚስበው» ብለው በአንድ ድምፅ የመለሱት እነዚያው ልጆች፣ በማግሥቱ አንድ ትልቅ ድንጋይና አንዲት ትንሽ ጠጠር አሳይቻቸው «እኩል ብለቃቸው የትኛው ቀድሞ መሬት ይነካል?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ልጆች በቀር ሁሉም ትልቁን መረጡ። ምክንያታቸውን ስጠይቅም «ስለሚከብድ ነዋ»፣ «ጉልበት ስላለው» አሉኝ። ይህ ግምት የሕፃናት ብቻ አይደለም፤ የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ከዛሬ 2300 ዓመት በፊት ያስተማረው ይህንኑ ሲሆን፣ ጣሊያናዊው ጋሊሊዮ ተነሥቶ እስኪሞግተው ድረስም ብዙ ሊቃውንት ተቀብለውት ኖረዋል። ስለዚህ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ «ትልቁ ይቀድማል» ሲል፣ እኔ «አይደለም» ስላልኩት ብቻ ሐሳቡን አይተወውም፤ በአፉ ቢተወው እንኳ በልቡ ይዞት ይቀራል። የሚለቀው በራሱ እጅ ጥሎ በራሱ ጆሮ ሲሰማ ነው።

ጆሮ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ የተለቀቀ ድንጋይ መሬት ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ከግማሽ ሰከንድ እምብዛም ስለማይበልጥ፣ የልጅ ቀርቶ የአዋቂ ዓይንም አጥርቶ አይከታተለውም። መጀመሪያ ላይ ወንበር ላይ ቆሜ ሁለቱን ድንጋዮች ስለቅ፣ ትልቁን የመረጡት ሁሉ «ትልቁ ቀደመ!» እያሉ ይጮኹ ነበር፤ እውነትም እንደዚያ ያዩ መስሏቸው ነው። ከዚያ በኋላ ወለሉ ላይ አንድ አሮጌ ቆርቆሮ አነጠፍኩና ዓይናቸውን ጨፍነው እንዲያዳምጡ አደረግሁ። ጥያቄዬም «የቱ ቀደመ?» መሆኑ ቀርቶ «ስንት ድምፅ ሰማችሁ?» ሆነ። «ጓ» የሚል አንድ ድምፅ ብቻ ከተሰማ እኩል ደርሰዋል፤ «ጓ፣ ጓ» ከተሰማ አንዱ ቀድሟል ማለት ነው። በዚያ ዓመት አጥርታ የማታይ አንዲት ልጅ ነበረችን፤ በዚህ ጨዋታ ከሁሉም በላይ ጥቃቅን ልዩነት የምትለየው እርሷ በመሆኗ፣ ክርክር በተነሣ ቁጥር ጓደኞቿ «እሷ ትንገረን» ማለት ጀመሩ።

እዚህ ላይ ብዙ መምህራን የሚሰናከሉበት ነገር አለ፤ እርሱም አለቃቀቁ ነው። አዋቂ ሰው እንኳ ሁለት እጁን እኩል መክፈት ይቸግረዋል፤ ልጅ ደግሞ ከባዱን ድንጋይ እንዳይወድቅበት አጥብቆ ስለሚይዝ ዘግይቶ ይለቀዋል፤ በዚህም ምክንያት ቀላሉ እየቀደመ ልጆቹ ይበልጥ ግራ ይጋባሉ። እኔ ሁለት ሳምንት ያህል ካባከንኩ በኋላ ያገኘሁት መፍትሔ ሁለቱን ድንጋዮች ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ከኋላቸው ረጅም ማስመሪያ አጋድሞ በአንድ ጊዜ መግፋት ነው። ማስመሪያውን ሁለት ልጆች ግራና ቀኝ ይዘው ይገፋሉ፤ የተቀሩት ይቆጥራሉ። ቆርቆሮው ከጠረጴዛው ትንሽ ራቅ ብሎ መነጠፍ አለበት፤ ድንጋዮቹ ሲገፉ ወደ ፊት ፈንጠር ብለው ነውና የሚወድቁት።

ከመግፋታችን በፊት ሁልጊዜ ግምት እንይዛለን። አርባ ልጅ በየተራ ይናገር ቢባል ሰዓቱ አይበቃም፤ ዓይን አፋሮቹም ጎበዝ የሚባለውን ልጅ መልስ ይደግማሉ። ስለዚህ ግምታቸውን በእግራቸው እንዲናገሩ አደርጋለሁ። ትልቁ ይቀድማል የሚል ወደ መስኮቱ፣ ትንሿ ትቀድማለች የሚል ወደ በሩ ይሄዳል፤ እኩል ይደርሳሉ የሚል መካከል ላይ ይቆማል። ድምፁ ከተሰማ በኋላ «ትክክል ናችሁ» ወይም «ተሳስታችኋል» አልልም፤ «አሁንስ የት ትቆማላችሁ?» ብቻ እላለሁ። አንዳንዱ ወዲያው ወደ መካከል ይመጣል፤ አንዳንዱ «እንደገና ይሁን» ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ አራትና አምስት ጊዜ ሰምቶም ከመስኮቱ አይነቃነቅም። የማይነቃነቀውን መጎተት አያስፈልግም። አንድ ልጅ በሦስተኛው ሳምንት ማንም ሳያናግረው ከመስኮቱ ተነሥቶ ቀስ ብሎ መካከል ሲቆም ያየሁበትን ቀን አልረሳውም።

ይህ ሁሉ ደህና ከሄደ በኋላ ራሴው በተናገርኩት ተያዝኩ። «ከባድም ቀላልም እኩል ይወድቃል» ብዬ በሙሉ አፌ ከተናገርኩ በማግሥቱ፣ አንዲት ልጅ ከቤቷ የዶሮ ላባ በደብተሯ ውስጥ ይዛ መጣችና «ይሄስ ቲቸር?» አለችኝ። ላባዋ እየተንሳፈፈች ስትወርድ ድንጋዩ ከወደቀ ቆይቷል። እኔም ደንግጬ «ላባ ልዩ ነው» ብዬ አለፍኩት። ያን መልስ በመስጠቴ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ፤ ልጅቷ ሌሊቱን ስታስብበት አድራ ያመጣችውን ማስረጃ «ልዩ ነው» ብሎ መመለስ፣ ሁለተኛ ማስረጃ እንዳታመጣ መንገር ነውና።

በሳምንቱ ልጅቷን ወደ ፊት ጠርቼ ከአንድ ደብተር ላይ ሁለት ወረቀት እንድትገነጥል አደረግሁ። አንዱን እንዳለ ትተን ሌላውን ድፍን አድርጋ ጨበጠችው። ሁለቱ ወረቀቶች ከአንድ ደብተር የወጡ፣ አንድ ዓይነት ክብደት ያላቸው መሆናቸውን ልጆቹ በእጃቸው እየያዙ አረጋገጡ። ሲለቀቁ የተጨበጠው ቀጥ ብሎ ወረደ፤ የተዘረጋው ግን ወዲያና ወዲህ እያለ ዘግይቶ አረፈ። ክብደታቸው አንድ ሆኖ ሳለ አወራረዳቸው ስለተለያየ «ስለሚከብድ ነው» የሚለው መልስ እዚህ ላይ አልሠራም። ቀጥሎ የተዘረጋውን ወረቀት ፊታቸው ላይ እንዲያራግቡ አደረግሁ። ነፋሱ ፊታቸውን ሲነካቸው ከኋላ አንዱ «ነፋሱ ነው የያዘው!» አለ። ለዚህ ዕድሜ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላውቅም። የተዘረጋ ወረቀት ሲወርድ ብዙ አየር መግፋት አለበት፤ የተጨበጠው ግን ጥቂት አየር ብቻ ገፍቶ ያልፋል።

የመጨረሻው ጨዋታ እኔንም አስገርሞኛል። ከመጽሐፍ ያነሰ ቁራጭ ወረቀት ጠንካራ ሽፋን ባለው መጽሐፍ ላይ ታኖርና መጽሐፉን አግድም እንደያዝክ ትለቀዋለህ። ወረቀቱ ከመጽሐፉ ሳይለይ አብሮት ይወርዳል፤ መጽሐፉ አየሩን ከፊቱ ስለሚገፋለት የሚያዘገየው ነገር የለምና። ላባዋንም እንደዚሁ መጽሐፉ ላይ አስቀምጠን ጣልናት፤ ከመጽሐፉ ጋር እኩል ደረሰች። ያቺ ልጅ ላባዋን አንሥታ ከአሥር ጊዜ በላይ ሞከረችው። ለሌሎች መምህራን የምመክረውም «ሁሉም እኩል ይወድቃል» ከማለት ይልቅ «አየር ካላዘገየው እኩል ይወድቃል» እንዲሉ ነው፤ አየሯን መርሳት የእኔን ስሕተት መድገም ነው።

ይህን ለወላጆች ስብሰባ ላይ በተግባር ሳሳይ፣ ከከተማው ዳር ገብስ የሚያርሱ አንድ አባት እጃቸውን አንሥተው «መምህርት፣ ይሄማ አውድማ ላይ በየዓመቱ የምናየው ነው» አሉ። የተወቃው ገብስ በመንሽ ወደ ላይ ሲበተን ፍሬው እዚያው ሥሩ ሲወድቅ፣ ገለባውና እብቁ በነፋሱ ተወስዶ ራቅ ብሎ እንደሚያርፍ፣ ነፋስ ከሌለ ግን ሁሉም ተደባልቆ እዚያው ስለሚወድቅ ሥራው እንደማይሆን በዝርዝር አስረዱ። ከእኔ ወረቀት የእርሳቸው አገላለጽ የበለጠ ግልጽ ስለነበር፣ በሚቀጥለው ሳምንት ክፍል መጥተው በአንድ ሰፌድ ገብስ ከነገለባው ለልጆቹ እንዲያሳዩልኝ ለመንኳቸውና መጡልኝ። የእርሳቸው ልጅ በዚያን ቀን የተሰማውን ኩራት ማየት ብቻውን ይበቃኝ ነበር። ልጆቻችን ስለ መውደቅና ስለ አየር የሚያውቁትን ከአውድማ፣ ከወንጭፍ፣ ከብይና ከቅልብልቦሽ ይዘውት ይመጣሉ፤ እኛ ግን ብዙ ጊዜ ከክፍል ውጭ እንዲተዉት እናደርጋለን።

አየር በሌለበት ምን እንደሚሆን ለማሳየት በስልኬ አንድ አጭር ፊልም አሳየኋቸው። በ1971 እ.ኤ.አ. የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት ጨረቃ ላይ ቆሞ መዶሻና የጭልፊት ላባ በአንድ ጊዜ ሲለቅ ሁለቱም እኩል መሬት ይነካሉ። ልጆቹን ከሁሉ በላይ የገረማቸው ቀስ ብለው መውረዳቸው ነበር። ጨረቃ ላይ ስበት የለም የሚል አባባል ብዙ ሰው ስለሚናገር ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ስበቱ አለ፣ ግን የምድርን አንድ ስድስተኛ ያህል ነው፤ ባይኖር ኖሮማ መዶሻውም ባልወረደ ነበር።

ስለ ደኅንነትና ስለ ቁሳቁስ ጥቂት ልበል። መጀመሪያ የተጠቀምኩት በመደበኛ ብይ ነበር፤ አንድ ቀን አንድ ልጅ ብዩን አፉ ውስጥ ከቶ ሲያንከባልለው አየሁትና ልቤ ቀጥ አለ። ደግነቱ ተፍቶት ምንም አልደረሰበትም። ከዚያ ወዲህ ብይ የምንጠቀመው በቁጥር አውጥተን በቁጥር ስንመልስ፣ በትንንሽ ቡድንና በቅርብ ክትትል ብቻ ነው፤ ለብዙ ልጆች በአንድ ጊዜ ሲሆን ሎሚ፣ ክብ ድንችና የካልሲ ኳስ ይበቃሉ። ቤታችሁ ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ካለ ብይ ጨርሶ አታውጡ። ድንጋይ የሚጣለውም ጫማ ያላደረገ ልጅ በአጠገቡ በሌለበት ነው።

ሌላው፣ ከምን ያህል ከፍታ እንደወደቀ ለማየት የወደቀበትን ጉድጓድ መመልከት እንዲችሉ መጀመሪያ በሳፋ ዱቄት አዘጋጅቼ ነበር። የክፍላችን ሞግዚት የሆኑት እናት አይተውኝ «ልጄ፣ እህል አይጣልም፣ አይረገጥም፤ ለልጆቹስ ምን ታስተምሪያለሽ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። በምትኩ በወንፊት የተነፋ አሸዋ ተጠቀምን፤ ከዱቄቱም የተሻለ ሆነ። አንዷን ድንጋይ ከጉልበት፣ ከወገብና ከራስ ከፍታ እየጣሉ ጉድጓዱን በጣታቸው ሲለኩ፣ ከፍ ካለ ቦታ የወደቀ ዕቃ በኃይል እንደሚመታ ያለ ንግግር ገባቸው። አንዲት ልጅ ጣቷን በጉድጓዱ ውስጥ እንዳቆመች «ድንጋዩ እኮ ያው ነው» ብላ ደጋግማ ስትናገር ሰምቻታለሁ። ድንጋዩ ያው ሆኖ ጉድጓዱ ግን መጨመሩ ነበር ያስገረማት።

ታዲያ ዕቃ ሲወድቅ ፍጥነቱ እየጨመረ መሄዱን እንዴት ያያሉ? አየር የማያዘገየው ዕቃ በእያንዳንዱ ሰከንድ ፍጥነቱ በ9.8 ሜትር በሰከንድ ይጨምራል፤ ይህ በልጅ ዓይን አይታይም። ጋሊሊዮም ችግሩ ይኸው ስለነበረበት ኳሶችን በተዳፋት ላይ እያንከባለለ ውድቀቱን አዘገየው፤ ትክክለኛ ሰዓት ባልነበረበት ዘመንም ከቀጭን ቱቦ የሚወርደውን ውሃ እየመዘነ ጊዜውን ለካ። እኛ ደግሞ ከቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ ሁለት ሜትር ያህል የአሸንዳ ቁራጭ አግኝተን በርዝመቱ መሐሉ ላይ ሥርጉድ አድርጎ እንዲያጥፍልን ለመንነው። አንዱን ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ አድርገን በጡብ ስንደግፈው ብይዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመድረስ ከሦስት ሰከንድ በላይ ይፈጅባታል፤ ይህ ለልጆች ዓይን በቂ ጊዜ ነው። ከዚህ በላይ ካዘቀዘቅነው ይፈጥንባቸዋል።

ጊዜውን የምንለካው በጭብጨባ ነው። እኔ ወጥ በሆነ ፍጥነት አጨበጭባለሁ፤ በአሸንዳው ዳር አራት ልጆች ጠመኔ ይዘው ይንበረከካሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ጭብጨባ ሲሰማ ብይዋ ያለችበትን ቦታ ያሰምራል። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ተዘበራረቁ፤ ልጆቹ ብይዋን እየተከተሉ እጃቸው አብሯት ይሄድ ነበር። አምስትና ስድስት ጊዜ ከደጋገሙ በኋላ ግን መስመሮቹ አንድ አካባቢ መሰብሰብ ጀመሩ። ከዚያም በመስመሮቹ መካከል ያለውን በስንዝር ለኩ። የመጀመሪያው አንድ የልጅ ስንዝር ያህል፣ ሁለተኛው ሦስት ገደማ፣ ሦስተኛው ወደ አምስት፣ የመጨረሻው ወደ ሰባት ተጠግቶ ወጣ። ልክ በልክ አልሆነም፤ ነገር ግን ጋሊሊዮ ያገኘው ሥርዓት ይኸው ነበርና 1፣ 3፣ 5፣ 7 የሚለው ቅደም ተከተል በትንንሽ እጆች ተለክቶ ሲወጣ ባየሁ ጊዜ ለማንም ልነግረው የማልችለው ደስታ ተሰማኝ። ለልጆቹ ቁጥሩን አላስጠናኋቸውም። «እየሮጠች ሄደች»፣ «መጀመሪያ ቀርፋፋ ነበረች» ማለታቸው በቂ ነው።

ከአሸንዳው ጫፍ በኋላ ያለውን ወለል እየለወጥን ሰበቃንም፣ ማለትም ወለሉ የሚንከባለለውን ዕቃ ይዞ ማዘግየቱን፣ ተመልክተናል፤ በሲሚንቶ ላይ ብይዋ እስከ ግድግዳው ስትሄድ በሰሌን ላይ ትንሽ ሄዳ ትቆማለች፤ በጆንያ ላይ ጥቂት ተንከባልላ ትገታለች። ልጆቹ ይህን ለማመን ብዙ አልተቸገሩም፤ በሰፈራቸው ታላላቆቻቸው በኩሽኔታ ጋሪ አስፋልቱ ላይ ሲንሸራተቱና ኮረት ላይ ሲደርሱ ሲቆሙ ያያሉ። ዥዋዥዌውን በተመለከተ ደግሞ ሁሉም «ወፍራም ልጅ ቶሎ ይመላለሳል» ብለው ገምተው ነበር። በአንድ ሜትር ክር ላይ አንድ ጊዜ ትንሽ ጠጠር፣ አንድ ጊዜ ከባድ ብሎን እያሰርን ስንቆጥር ልዩነት አላገኘንም፤ ሁለቱም ሄደው ለመመለስ ሁለት ሰከንድ ያህል ፈጀባቸው። ክሩን ሩብ ሜትር እስኪሆን ስናሳጥረው ግን በእጥፍ ፈጠነ። ይህን ጨዋታ ቤት ውስጥ በቀላሉ መሥራት ስለሚቻል በዝርዝር አልሄድበትም።

ሁሉም ሰው ደስ አልተሰኘበትም። አንድ ሱፐርቫይዘር ክፍሌን ሊጎበኙ መጥተው ልጆቹ ወለሉ ላይ ተንበርክከው ሲያጨበጭቡ ሲያዩ «ፊደሉስ መቼ ነው የሚያልቀው?» ብለው በመዝገባቸው ላይ ጻፉብኝ። አንዲት እናትም «ልጄ ድንጋይ ሲጥል ዋለ እንጂ ምን ተማረ?» አሉኝ። ሁለቱም ስጋታቸው ስለ ልጆቹ እንደሆነ ስለማውቅ አልተቀየምኩም፤ ዳሩ ግን ሐሳቤን አልለወጥኩም። ፊደልም ቁጥርም በዚሁ ውስጥ ይገኛል፤ ስንዝሩን የቆጠረ ልጅ ቁጥር ተምሯል፤ በተዘረጋው ወረቀት ላይ «ወ» ብሎ የጻፈ ልጅም ፊደል ጽፏል። ለእናቲቱ ይህን ከመንገር ይልቅ ልጃቸው አሸንዳውን ራሱ ተክሎ እንዲያሳያቸው ጋበዝኳቸው፤ እርሳቸውም ቁጭ ብለው አዩት።

አሁን ወደዚያ ልጅ ልመለስ። የካቲት ላይ ሁለተኛ አሸንዳ አገኘንና ሁለቱን ፊት ለፊት አጋጥመን እንደ ሸለቆ አደረግናቸው። ብይዋ በአንዱ ወርዳ በሌላው ትወጣለች፤ የጀመረችበትን ከፍታ ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት ቆማ ትመለሳለች። ልጆቹ በጠመኔ ሲያሰምሩ፣ በምትወርድበት በኩል መስመሮቹ እየተራራቁ፣ በምትወጣበት በኩል ደግሞ እየተቀራረቡ ሄዱ። ያ ከኋላ መደዳ የሚቀመጠው ልጅ የሚያሰምረው በመውጫው በኩል ነበር። ዕረፍት ሲደወል ሁሉም ሲወጣ እርሱ እዚያው ቀረ። ብይዋን ከሥር ወደ ላይ በጣቱ ይገፋታል፤ ጣቱን ሳይነካት አጠገቧ እያስኬደ ይከተላታል፤ እየዘገየች እየዘገየች ስትቆም ጣቱም ይቆማል፤ ስትመለስም አብሯት ይመለሳል። ይህን ምናልባት ሃያ ጊዜ ደጋገመው። እኔም ምንም ሳልናገር በሩ ላይ ቆምኩ።

በመጨረሻ ቀና ብሎ አየኝና «ቲቸር፣ የትም አልሄደም እኮ» አለኝ።

«ምኑ?» አልኩት።

«ስበቱ። ስትወጣም ይዟት ነው የምትወጣው፤ ለዚያ ነው የደከማት።»

ከዚያም ከኪሱ ጠጠር አውጥቶ ወደ ሜዳው ሮጠና ወደ ሰማይ ወረወራት፤ ራሱን ቀና አድርጎ ቆሞ፣ ጫፍ ላይ ደርሳ ለአፍታ ያህል ስትቆም «ይኸው! ይኸው!» እያለ በጣቱ ያሳየኝ ነበር።